ኣቦይ ሓጎስ ከቤታቸው የሚወጡበት ፊልም

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ስወጣ የኤሌክትሪክ ጣቢያው ባልደረቦቼ በግ አርደው ሸኙኝ። አለቃችን ተነስቶ ስለ ጄኔሬተሩ፣ ስለ ምሰሶው፣ በዝናብ ስለቀጠልኩት ሽቦ ተናገረ። ደህና ተናገረ። ሲጨርስ ከወጣት ሠራተኞቻችን አንዷ፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ የት ነው የተማሩት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ፊልም ላይ» አልኳት።

ሁሉም ሳቁ። የቀልደኛ ስም ስላለኝ አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ያን ዘመን የሚያውቁ ሰዎች አንድ በአንድ አልቀዋል። ከእኔ ጋር ተቀብሮ እንዳይቀር ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ተወልጄ ያደግሁት ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ነው። ጣሊያን አገሩን እንደያዘ መንገድ ሥራ ገባሁ፤ ድንጋይ እየሰበርኩ፣ ከካምፕ ወደ ካምፕ እየተገፋሁ መቀሌ ደረስኩ። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ሥራው ግን ትግርኛ አስተማረኝ፣ ጣሊያንኛም ቆንጠር አደረግሁ፤ ጣሊያንኛዬ ትእዛዝና ስድብ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከአለቆቹ አንዱ ጉልበት ያለውና ቋንቋ የሚሰማ ሰው እንደሚፈለግ ሲናገር መዶሻዬን አስቀምጬ ብድግ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ሰብሬ አላውቅም።

የወሰዱኝ ሲኞር ካርሎ ወደሚባል ቀጭን፣ ባለ መነጽር ጣሊያን ዘንድ ነው። ስለ መቀሌ አጭር ፊልም ሊሠራ የመጣ ሰው ነበር። ሰልፍና መድፍ የሚታይበት ፊልም አልነበረም። ከተማዋን ከንጋት እስከ ምሽት፣ ማንም ሳይናገር፣ በድንጋይና በብርሃን ብቻ እንደ ግጥም አሳያታለሁ ይል ነበር። መቀሌ ደግሞ ለዚህ ትመቻለች። ድንጋይዋ ጠዋት ነጣ ይላል፣ እኩለ ቀን ላይ ዓይን ይወጋል፣ ወደ ማታ እንደ ማር ይሆናል። ቤተ መንግሥቱ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩ በጠፍጣፋ ድንጋይና በጭቃ የተገነቡ ባለ ፎቅ ቤቶች፣ ከውጭ በኩል የሚወጡ ደረጃዎች፣ ከወይራ የተጠረቡ የበር መቃኖች። በየቀኑ እያየኋቸው ያለፍኳቸው ግድግዳዎች ሰው እንደሚያፈዙ ያወቅሁት ሲኞር ካርሎ ፊታቸው ቆሞ ምሳውን ሲረሳ አይቼ ነው።

ካሜራውን የሚዘውረው ግን እሱ አልነበረም። አስመራ ፎቶ ቤት ያደገ፣ ዕድሜው አርባን የተሻገረ ወልዱ የሚባል ሰው ነበር። በወረቀት «ረዳት» ነው፤ የሚከፈለውም የረዳት ነው። እኔ አያ ወልዱ እለው ነበር። የካሜራውን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ እሸከምለታለሁ፣ የምንቀርጻቸውን ቤቶች ባለቤቶች ከእሱ ጋር ሆኜ አነጋግራለሁ፣ ሥራውንም ከእሱ ተማርኩ።

አያ ወልዱ ካሜራ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ውሃ በጠፋ ቀን ከሚጠጣው ይቀንሳል። ሌንሱን የሚወለውለው እናቱ ለብሰው በጨረሱት ነጠላ ቁራጭ ነው፤ አዲስ ጨርቅ ይቧጭራል ይላል። ካሜራው በእጅ የሚዘወር ነበር፤ አዟዟሩ ከፈጠነ ፊልሙ ላይ ሰው ይንቀረፈፋል፣ ከዘገየ ሰው ይሮጣል። ወልዱ የቄስ ልጅ ነበርና ልኩን የሚጠብቀው በዜማ ነው። ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ ከጉሮሮው ያዜማል፣ እጁ ዜማውን ይከተላል። እኔ የሙስሊም ልጅ፣ የምን ዜማ እንደሆነ ሳላውቅ ለመድኩት። እስከ ዛሬ ሽቦ ስጠመዝዝ አንዳንዴ ይመጣብኛል።

ፊልም ወደ ካሜራ የሚገባው በጨለማ ነው። እጅጌ ያለው ጥቁር ከረጢት ነበረን፤ ሁለት እጅህን አስገብተህ በዳበሳ ብቻ ጥቅሉን ከቆርቆሮ አውጥተህ ካሜራው ውስጥ ባለው የፊልም ቤት ታስገባዋለህ። መጀመሪያ ሲያስተምረኝ ዓይንህን ጨፍን አለኝ።

«ከረጢቱ ውስጥ ምንም አይታይ፣ ለምን እጨፍናለሁ?» አልኩት።

«ዓይንህ ሥራ ሲፈታ መንገድ ላይ ወሬ ይለቅማል። ያኔ እጅህ ይሳሳታል።»

እውነቱን ነበር። ስለ እሳትም ያስጠነቀቀኝ እሱ ነው። የዚያን ጊዜ ፊልም እንደ ባሩድ ነበር፤ አንዴ ከተያያዘ ውሃ አያጠፋውም። ወልዱ ጥቅል በያዘበት ቀን ሲጋራ ኪሱ ውስጥ እንኳ አይይዝም።

ሌላው ልማዱ ሰላምታ ነው። ሰላም ያላለውን ሰው አይቀርጽም። ሲኞር ካርሎ መጀመሪያ በፊልሙ ሰው እንዲገባ አልፈለገም ነበር፤ ወልዱ ነው «ሲኞር፣ በዚህ ከተማ እኮ ሰው ይኖራል» እያለ ያስገባው። ገበያውን ስንቀርጽ ሲኞር ካርሎ ብርሃኑ አለፈብኝ ብሎ ይንጨረጨራል፤ ወልዱ ከአንድ ጨው ነጋዴ ጋር ቆሞ ስለ ግመሎቹ፣ ስለ አፋር መንገድ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል። ሰላምታው ሲያልቅ ነው መዘውሩን የሚይዘው። ያ ነጋዴ ፊልሙ ላይ አሞሌ ጨው ከግመል እያወረደ፣ ከጎረቤቱ ጋር እንደሚጫወት ሁሉ ወደ እኛ ሲስቅ ይታያል።

ሲኞር ካርሎ ከሁሉም አብልጦ የወደደው ከገበያው ከፍ ብሎ ያለ አንድ ባለ ፎቅ ቤት ነበር። የውጭ ደረጃው እንደ ክንድ ታጥፎ ይወጣል፤ በላይኛው መስኮት ዙሪያ ያለው ድንጋይ በቅስት የተጠረበ ነው። ባለቤቱ ኣቦይ ሓጎስ፣ አባባ እንደማለት ነው፣ ግንበኛ ናቸው። ቤቱን በጉልምስናቸው ከአባታቸው ጋር ሆነው የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ለብዙ ጠዋት እዚያ ዋልን። ኣቦይ ሓጎስ ደረጃው ሥር ተቀምጠው ድንጋይ ሲጠርቡ፣ የላላ ማዕዘን ሲያጠብቁ ቀረጽናቸው። ባለቤታቸውን ኣደይ ለተብርሃንን ደጋግመን ለምነናቸው፣ «እኔን ተዉኝ፤ ድንጋዩን ቅረጹ» ብለው እምቢ አሉ።

ሲኞር ካርሎ አንድ ነገር በአንዴ አይጥመውም። «አንኮራ!» ይላል፤ እንደገና ማለት ነው። ኣቦይ ሓጎስ ቃሏን ወደዷት። ኣደይ ለተብርሃን ጠላ ሲቀዱላቸው ዋንጫቸውን ጨልጠው ዘርግተው «አንኮራ!» ይላሉ፤ ግቢው በሳቅ ይሞላል። ጎረቤቱ ሁሉ ያዛት። ቅዳሴ የረዘመበት ሰው እንኳ «ቄሱ ዛሬ አንኮራ አበዙ» ማለት ጀመረ።

አንድ ጠዋት ሲኞር ካርሎ ፊልሙ እንዴት እንደሚያልቅ ነገረን። አዲሱ ሰፊ መንገድ በዚያ በኩል ሊያልፍ ነው። ቤቱ ይፈርሳል። አቧራው ሲገለጥ መንገዱና የጭነት መኪናዎቹ ይታያሉ። አሮጌዋ ከተማ አንቀላፍታ አዲሲቱ ትነቃለች አለ። ሲናገር ደስ ብሎት ነበር።

አያ ወልዱ ሌንሱን መወልወሉን አቆመ። «ባለቤቱ ያውቃል?»

«መንግሥት ይነግረዋል» አለ ሲኞር ካርሎ።

ወልዱ መንግሥትን አልጠበቀም። ያንኑ ዕለት ሄደን ነገርናቸው። ኣቦይ ሓጎስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰሙን። ኣደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው ቀሩ።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ጊዜ የቀረጻችሁት ሊፈርስ ስለሆነ ነው?» አሉ ኣቦይ ሓጎስ።

«እኛም ዛሬ ነው የሰማን፣ ኣቦይ» አለ ወልዱ።

ቆይተው፣ «ሙሉውን ቀርጻችሁታል?» ብለው ጠየቁ።

«ደረጃውን፣ ግንባሩን፣ መስኮቱን።»

«ጓዳውን አልቀረጻችሁም። ጥሩው ጓዳው ነው።»

«ጓዳው ጨለማ ነው ኣቦይ። ፊልሙ ያለ ብርሃን አይዝም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛም ሆን ብለን ነበር ያጨለምነው፣ እንዲቀዘቅዝ» አሉ።

የማፍረሻው ቀን ደረሰ። እቃቸው ወጥቶ ውጭ ተከምሯል፤ ኣደይ ለተብርሃን እህታቸው ቤት ሄደው እቃ ማስቀመጫ እያሰናዱ ነበር። መንገድ ሠራተኞቹ፣ አብዛኞቹ የእኔው አገር ልጆች ናቸው፣ ወፍራም የብረት ገመድ በማዕዘኑ ዙሪያ አስረው ከጭነት መኪና ጋር አያያዙት። ሲኞር ካርሎ አንድ ሐሳብ ነበረው። ኣቦይ ሓጎስ መዶሻቸውን ይዘው ከላይኛው በር ይወጣሉ፤ ደረጃውን ወርደው ያልፋሉ። እሳቸው ርቀው ከሄዱ በኋላ ግንቡ ይወድቃል። ምልክቱ እንዲህ ነበር፤ እጁን ሲያነሳ ኣቦይ ሓጎስ ይወጣሉ፣ ነጭ መሐረብ ሲያውለበልብ መኪናው ይስባል።

ኣቦይ ሓጎስ እሺ አሉ። ለምን እሺ እንዳሉ ብዙ አስቤበታለሁ። ቤታቸውን ሌላ ሰው ሲያፈርሰው ቆመው ከማየት ከራሳቸው በር መውጣት ሳይሻላቸው አልቀረም።

ወጡ። በሩን ከኋላቸው መለስ አደረጉት፤ የዕድሜ ልክ ልማድ ነው። ደረጃውን ሳይቸኩሉ ወረዱ፣ በካሜራው ፊት አለፉ። ወልዱ ዜማውን ሳያቋርጥ ዘወረ። እኔ አለቀ ብዬ መተንፈሴ ነበር።

ሲኞር ካርሎ ግን ወደ ሰማይ አየ። ደመና አልፎ ቤቱ ላይ ጥላ ጥሏል። «አንኮራ» አለ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ኣቦይ ሓጎስ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ደረጃውን ተመልሰው ወጡና ገብተው በሩን ዘጉ። ደመናው እስኪያልፍ ጠበቅን። ሙቀቱ ይጨንቅ ነበር። ፀሐይ ብቅ ስትል ሲኞር ካርሎ «ጂራ!» ብሎ ወልዱን አዘዘ፤ ዘውር ማለት ነው። ከዚያ እጁን አነሳ። ላቡን የጠረገበት መሐረብ በዚያው እጁ ላይ ነበር።

ሾፌሩ ያየው መሐረቡን ነው። መኪናው ተወረወረ። ግንቡ ለአፍታ እምቢ ያለ መሰለ፤ ከዚያ ከላይ ጀምሮ ወደ ውስጥ ተናደ። በሩ ሲከፈት አላየሁም።

አያ ወልዱ እየዘወረ ግራ መዳፉን ሌንሱ ላይ ለጠፈ። ግራ መዳፉን ሌንሱ ላይ ለጠፈ። ሲኞር ካርሎ የሆነው ገና አልገባው ኖሮ «ጂራ! ጂራ!» እያለ ይጮኻል። ወልዱ በትግርኛም በጣሊያንኛም «ሰው አለበት! ሰው አለበት!» እያለ ወደ አቧራው ሮጠ። ሁላችንም ሮጥን። የመንገድ ሠራተኞቹ በእጃቸው ቆፈሩ። ስናገኛቸው ሞተው ነበር። ሲኞር ካርሎ መነጽሩን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ አንድ መኮንን ለምርመራ መጣ። ከሁሉም የተፈለገው ሽማግሌው በራሳቸው ፈቃድ ተደብቀው ቤቱ ውስጥ ቀሩ የሚል ቃል ነበር። ሾፌሩ እንዲያ አለ። ሲኞር ካርሎ ስለ ምልክቱ አንድም ነገር ሳይናገር ፈረመ። ወልዱ ተራው ሲደርስ መሐረቡን፣ እጁን፣ «አንኮራ» የምትለዋን ቃል ሁሉንም በደንብ ጣሊያንኛ ተናገረ። መኮንኑ ደግመህ አስብ አለው።

«አስቤ ነው የተናገርኩት» አለ ወልዱ።

የመንግሥት ፊልም አበላሸህ፣ ሕዝብ ልታሳምፅ ፈለግህ ብለው ወሰዱት። ሲወስዱት እጁ ታስሮ ስለነበር በዓይኑ ወደ ካሜራው አመለከተኝ። ሌንሱ ክዳን አልነበረውም። ሄጄ ከደንኩት። ቀይ ባሕር ላይ ወዳለ እስር ቤት እንደላኩት ሰማን። ከዚያ የተመለሰ አንድ ሰው፣ ወልዱ ወባ ይዞት እዚያው መቀበሩን በኋላ ነገረኝ።

ሲኞር ካርሎ ጥቅሎቹን ይዞ አገሩ ገባ። እኔን በአንድ መጋዘን ውስጥ ለተከፈተው የፊልም አዳራሽ ሰጡኝ። ጄኔሬተር ማስነሳት፣ ሽቦ መቀጠል፣ የማሳያ ማሽኑን መብራት መጠበቅ እዚያ ተማርኩ። መብራቱ ሁለት የከሰል ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ሲቃረቡ የሚወለድ ነጭ እሳት ነው። ፊልሙ ሳይቆም በፊቱ ካለፈ ግድግዳው ላይ ሥዕል ይሆናል፤ ከቆመ ይቃጠላል።

ክረምቱ አልፎ ፊልሙ ተሠርቶ መጣ። ሹማምንቱ ተሰብስበው አዩት። ልዋሽ አልችልም፣ ቆንጆ ነበር። ብርሃኑ ከግድግዳ ግድግዳ እየተሸጋገረ ከተማዋን ሲቀሰቅሳት የገዛ አገሬ ባይሆንም እንባዬ መጣ። የወልዱ ስም የትም አልነበረም። ወደ መጨረሻው ላይ ኣቦይ ሓጎስ በሩን መለስ አድርገው ይወጣሉ፣ ደረጃውን ይወርዳሉ፣ ያልፋሉ። ከዚያ ግንቡ ይወድቃል። ሲኞር ካርሎ የመጀመሪያውን መውጣት ከሁለተኛው መፍረስ ጋር ቀጥሎታል። የወልዱ መዳፍ ከመምጣቱ በፊት ተቆርጧል። ያየ ሁሉ፣ ሽማግሌው በሰላም ሄዱ ይላል። ሹማምንቱ አጨበጨቡ።

ወሬው ከተማው ውስጥ ተሰማ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ማሽኑን ስወለውል ኣደይ ለተብርሃን በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከሰውነት ወጥተዋል።

«ሰይድ፣ ወደይ፣ ሓጎስ እዚህ ይሄዳል አሉኝ» አሉ። ወደይ ማለት ልጄ ማለት ነው።

ምን ልበላቸው? አስቀመጥኳቸው፤ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋረድኩና አሳየኋቸው። ኣቦይ ሓጎስ ወጥተው ሲያልፉ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። መጨረሻው ላይ ግንቡ ሊወድቅ ሲል ራሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሲወጡ፣ «በዚህ ውስጥ ይወጣል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ አልፎ አልፎ ይመጡ ነበር። ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ አዳራሹ ተዘጋ፤ እኔ ለከተማው ጄኔሬተር ተቀጠርኩ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ግን እኔው ጋ ቀረ። ፊልም በታየ ቁጥር ያልቃል። በጠርዙ ያሉትን ቀዳዳዎች የማሽኑ ጥርስ ይበላቸዋል፤ የተቀደደውን በመቀስ ቆርጬ፣ ጫፉን በምላጭ ፍቄ፣ በማጣበቂያ እቀጥለዋለሁ። በየጥገናው ትንሽ ትንሽ ሥዕል ይጠፋል። ኣቦይ ሓጎስ ደረጃውን የሚወርዱበት እያጠረ ሄደ። ኣደይ ለተብርሃን አወቁት።

«ዛሬ ፈጠነ» አሉኝ አንዴ።

«ፊልሙ አርጅቶ ነው፣ ኣደይ። ዝም ብለን ብናስቀምጠው ይሻላል።»

«ተቀምጦ ለማን ይሆናል?» አሉ።

ከዚያ ገበሬው በመንግሥት ላይ ሸፈተ፤ ከተማው ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠ። በአንድ የገበያ ቀን አውሮፕላኖች መጥተው ቦምብ ጣሉ። ስለዚያ ቀን ብዙ አልጽፍም። ገበያተኛው መሸሻ አልነበረውም። ጨውና እህል፣ አህያና ሰው አንድ ላይ ተደበላለቀ። እኔ ከጄኔሬተሩ ቤት ወጥቼ ሬሳ ካነሱት ጋር አነሳሁ። የኣደይ ለተብርሃን እህት፣ ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ ያስጠጓቸው፣ በርበሬ ሊገዙ ወጥተው እዚያው ቀሩ።

የመጋዘኑን ጣሪያ ፍንጣሪ በስቶት ነበር። ማንም ልብ ሳይለው የዘገየ ዝናብ ገባ። ቆርቆሮዎቹን ስከፍት ፊልሞቹ ረጥበው አብጠዋል፣ እርስ በእርስ ተጣብቀዋል፣ ሽታቸው አፍንጫ ይወጋል። የመቀሌውን ፊልም ክር በክር አላቅቄ ጥላ ላይ ሰቀልኩት። ከደረቀ በኋላ ተኮማተረ፤ ቀዳዳዎቹ ከማሽኑ ጥርስ ጋር አልገጥም አሉ። በየሳምንቱ ሳየው እየባሰበት ይሄድ ነበር፤ ቆዳው ይላጣል።

ሐዘናቸው ሳይወጣ ኣደይ ለተብርሃን መጡ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። አሁን ካሽከረከርኩት ሊበጠስ ወይም ሊቃጠል ይችላል። ካስቀመጥኩት ደግሞ ጥቂት ቆይቶ በራሱ ይበሰብሳል።

«ለአንድ ጊዜ ይበቃናል?» አሉ።

«ላይበቃንም ይችላል።»

«እህቴን በጨርቅ ሰብስበው ነው ያመጡልኝ፤ ፊቷን አላየሁም። አንድ ሰው ደህና ሆኖ ሲሄድ ልይ። አሳየኝ።»

አያ ወልዱ እንዳስተማረኝ እጄን ታጠብኩ። የደከሙትን ቀዳዳዎች በሙሉ አጠናከርኩ፤ ማሽኑን ዘይት ቀባሁ፤ አሸዋ በባልዲ አጠገቤ አደረግሁ። መብራቱን በተቻለኝ ሁሉ አደከምኩት። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ወድቋል። ጀመርን። ንጋቱ ደህና አለፈ። ቤተ መንግሥቱ አለፈ። ገበያው አለፈ፤ ጨው ነጋዴው ሳቀ። እጄን ማሽኑ ላይ አድርጌ ጥርሱ ሲይዝና ሲለቅ እየሰማሁ ነበር። የኣቦይ ሓጎስ ደረጃ መጣ። በሩ ታየ። መከፈት ጀመረ።

እዚያ ላይ ያዘ። ጥርሱ ቀዳዳውን ስቶ ፊልሙ በመብራቱ ፊት ቆመ። ግድግዳው ላይ፣ ከበሩ መሐል፣ ቡናማ ነጥብ ወጣችና እየፈላች ሰፋች። መብራቱን አጠፋሁ፤ ፊልሙን በእጄ በጠስኩት፤ ነበልባሉ ግን ቀድሞኝ ወደ ላይኛው ጥቅል ወጥቷል። ጥቅሉን ነቅዬ ወደ ውጭ ስወረውር ቀኝ መዳፌ ተላጠ። አሸዋው ምንም አልረዳ። የታችኛው ጥቅል ላይ ፍም ወድቆ እሱም ተያያዘ። ማሽኑን ለማዳን ስታገል፣ መቀሌ ከንጋቷ እስከ ምሽቷ በቢጫ ጭስ አለቀች።

ኣደይ ለተብርሃንን በክንዳቸው ይዤ አወጣኋቸው። በር ላይ ተቀምጠው አመዱን አዩ። የሠራሁት ሥራ እንዲያ እጄ ላይ ሲጠፋ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

«ወጣ?» አሉኝ።

«ምን፣ ኣደይ?»

«ጭሱ ሸፈነብኝ። በሩ ሲከፈት አይቻለሁ። ወጣ?»

«አልወጡም፣ ኣደይ። ያዘብኝ።»

ከነጠላቸው ጫፍ ቀደው መዳፌን አሰሩልኝ። ሲያስሩ ቀና ሳይሉ፣ «አንተ ከእኔ ይልቅ ብዙ ጊዜ አይተኸዋል። ንገረኝ በል» አሉ።

ነገርኳቸው። በሩን በየትኛው እጃቸው እንደመለሱት፣ መዶሻውን የቱ ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉት፣ ደረጃው የሚታጠፍበት ጋ ሲደርሱ እንዴት አንገታቸውን ዝቅ እንዳደረጉ ነገርኳቸው። አንድ ቦታ ላይ አቋርጠው፣ «አዎ፣ ጉልበቱን ያመው ነበር» አሉ።

ከዚያ ሰው ይዘው መምጣት ጀመሩ። ገበያው ውስጥ ሰው የሞተበት፣ ያ ሰው ፊልሙ ላይ ነበር ሲባል የሰማ ሁሉ ጄኔሬተሩ ቤት ይመጣል። የጨው ነጋዴው ወንድም መጣ፤ ሳቁን ነገርኩት። ቅቤ ስትመዝን የተቀረጸች የአንዲት ነጋዴ ልጅ መጣች፤ እናትየው ሚዛኑን በትንሽ ጣቷ እንዴት እንደምትደግፍ ነገርኳትና በእንባዋ መሐል ሳቀች። ለብዙዎቹ ግን «አላየሁም» ማለት ነበረብኝ። ወልዱ ካሜራውን ባላዞረበት በኩል የነበሩት ሁሉ ፊልሙ ላይ አልነበሩም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኣደይ ለተብርሃን እንደልማዳቸው መጥተው ተቀምጠው ሳለ ኪዳነ የሚባል ሽንኩርት ሻጭ ገባ። የሞተችበት ልጁ ለምለም ትባላለች።

«ልጄን አይተሃታል?» አለኝ። «አጠር ያለች ናት። ቀይ ጨርቅ ጸጉሯ ላይ ታስራለች።»

«ስንት ዓመቷ ነበር?»

«አምስት ሊሞላት ነበር።»

ፊልሙ ሲቀረጽ አልተወለደችም። ይኼንኑ ነገርኩት። የሰማኝ አልመሰለኝም።

«ደህና አድርገህ አስብ» አለ። «ገበያ ሁሌም ከእኔ ጋር ነው የምትሆን። ከሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ነው የምትቀመጥ።»

«ኪዳነ ሓወይ፣ አልነበረችም» አልኩት፤ ወንድሜ ማለቴ ነው። «በአላህ፣ ባያት ኖሮ እነግርህ ነበር።»

ቆሞ ቀረ። መሄድም መቀመጥም አልቻለም። ኣደይ ለተብርሃን ከአግዳሚው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

«ተቀመጥ» አሉት። «ሰይድ አያውቃትም። እኔም አላውቃትም። አንተ ንገረን። ጠዋት ስትነቃ ምን ትል ነበር?»

ኪዳነ ተቀመጠ። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ስለ ዶሮዋ ትጠይቃለች» አለ። «ነጭ ዶሮ አለቻት።»

ጄኔሬተሩ እንዳይረብሸው ሄጄ አጠፋሁት። ስመለስ ዶሮዋን ከማን እንደገዛላት እየነገራቸው ነበር።